ካርታው አልቋል፣ መጽሐፉ አልተጀመረም፦ አስተዋጽኦ ይቅደም ወይስ የሐሳብ ካርታ?

መነሻ ጥያቄ

ጥያቄዬ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ እኔን ግን አራት ወር ሙሉ አስሮ አስቀምጦኛል። ጸሐፊ ሆኜ የማገለግልበት እድር የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስልሳኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ታሪኩን የሚተርክ መቶ ገጽ ያህል መጽሐፍ እንዳዘጋጅ ጠቅላላ ጉባኤው በጭብጨባ ወስኖብኛል። በእጄ ያሉት ሦስት የመዋጮ መዝገቦች፣ አንድ የቃለ ጉባኤ ደብተር፣ በስልኬ የቀዳኋቸው የ14 አባላት ቃለ ምልልሶችና በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ ፎቶግራፎች ናቸው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሐሳብ ካርታ፣ በተለምዶ ማይንድ ማፕ የምንለውን፣ ብሠራ ሥራው እንደሚቀለኝ መከረችኝ። እኔም ባለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣ መሀል ቦታ «እድራችን» ብዬ ጻፍሁና አከበብሁበት፤ ከዚያም ቅርንጫፎቹን አወጣሁ፦ ምሥረታ፣ አባላት፣ ደንብ፣ መዋጮ፣ ንብረት፣ የሰፈሩ መፍረስ፣ ዛሬ። ከየቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ ወጣ። ከ«ንብረት» ሥር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጥሩምባ ተሰለፉ። ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ወረቀት በፕላስተር ቀጠልሁበት። ዛሬ የምግብ ጠረጴዛችንን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ባለ አራት ቀለም ካርታ አለኝ፤ የመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ግን የለኝም። ስሕተቱ የካርታው ነው ወይስ የእኔ? ቅርንጫፎቹን ወደ አስተዋጽኦ፣ ማለትም የጽሑፉን ዋና ዋና ነጥቦች በተራ ወደሚያስቀምጥ ዝርዝር፣ ገልብጬ በሀ፣ ለ፣ ሐ ልደርድራቸው፣ ወይስ ሁለቱንም ትቼ በቀጥታ ልጻፍ?

ከዚህ በታች ያለው ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ሳቀርብ የተሰጡኝ መልሶች ጭምቅ ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና አዲስ የሚመጡ ተሳታፊዎች የተመለሰውን ደጋግመው ስለጠየቁ፣ የመድረኩ አስተባባሪ እንዳጠቃልለው ጠይቀውኛል። የማንንም ቃል በቀጥታ አልጠቀስሁም፤ ቁጥራቸውን ግን ጠብቄአለሁ። በየመሀሉ የራሴ ፍርድ ከገባ የጉዳዩ ባለቤት ስለሆንሁ ይቅር ይባልልኝ።

መልስ 1

የመጀመሪያውን መልስ የሰጡኝ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በአክብሮት ሰላምታ ከሰጡኝና ለእድሩም ረዥም ዕድሜ ከተመኙ በኋላ፣ በድርሰት ትምህርት ሁለት ዓይነት አስተዋጽኦ እንደሚታወቅ አስታወሱኝ። የርዕስ አስተዋጽኦ በየመስመሩ አንድ ቃል ወይም ሐረግ ብቻ ያስቀምጣል፤ የዓረፍተ ነገር አስተዋጽኦ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በግስ ይዘጋዋል። በእሳቸው አስተያየት የእኔ ካርታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ «የሰፈሩ መፍረስ» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ መፍረሱ ምን ሊል እንደፈለገ ገና አልወሰነም። አመስግኜ አለፍኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር፣ የተማሪ ቤት ነገር መስሎኝ ነበር። የምክራቸው ዋጋ የገባኝ 17ኛው መልስ ላይ ስደርስ ነው።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ተሳታፊ በሁለት መስመር ጨረሱት፤ ዕቅድ የሚባለውን ትቼ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ እንድጽፍ፣ ነገም ሌላ ገጽ እንድጨምር ነገሩኝ። ሦስተኛው በዚህ ተስማምተው ጨው ጨመሩበት፦ ባለ አራት ቀለም ካርታ የሚሥል ሰው መጻፍ የፈራ ሰው ነው፣ ቀለም መቀባቱም ፍርሃቱን ሥራ ያስመስልለታል የሚል ነበር አነጋገራቸው። ለአንድ ቀን ያህል ከክሩ ራቅሁ። በአራተኛው ወር ላይ የአረንጓዴው እስክርቢቶ ቀለም አልቆብኝ መርካቶ ድረስ መሄዴን ሳስታውስ ግን ሰውየውን መቀየም አልቻልሁም።

መልስ 4 እስከ 7

አራተኛው መልስ የመጣው ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በኮምፒዩተር ሙያ ላይ ያሉት ወንድማችን ወረቀቱን ትቼ ፍሪማይንድ ወይም ኤክስማይንድ የተባሉትን ፕሮግራሞች እንድጠቀም መከሩኝ። ፍሪማይንድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ቅርንጫፍን መሰብሰብና መዘርጋት፣ አንዱን ከሌላው ሥር ነቅሎ ማዛወርም ይቻላል። ይህ ጠቃሚ ነበር። ቀጥለውም የሐሳብ ካርታን የፈጠረው ቶኒ ቡዛን የተባለ እንግሊዛዊ መሆኑን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዝግጅት እንደታወቀ፣ ቀለምና ሥዕል ደግሞ የሚተኛውን የቀኝ አንጎል ስለሚቀሰቅሱ ካርታው ከአስተዋጽኦ እንደሚበልጥ አስረዱ።

አምስተኛዋ ተሳታፊ ይህን በጨዋነት፣ ነገር ግን ሳይራሩ አረሙት። ቡዛን ስሙን አስተዋውቋል፣ ደንቦቹንም አውጥቷል፦ ከመሀል መጀመር፣ በሥዕል መጀመር፣ በየቅርንጫፉ ላይ አንድ ቃል ብቻ መጻፍ። ዕውቀትን በቅርንጫፍ ማስቀመጥ ግን ከእሱ እጅግ የቆየ ነው፤ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋ ፖርፊሪ የአሪስቶትልን ምድቦች ለማስረዳት ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ እየከፈለ ያቀረበውን፣ የመካከለኛው ዘመን መምህራን በዛፍ መልክ ይሥሉት ነበር። የግራና የቀኝ አንጎል ነገርም በየሥልጠናው የሚነገረውን ያህል አይደለም፤ አንጎል በግማሹ ተኝቶ በግማሹ የሚሠራ አካል እንዳልሆነ ሙያተኞቹ ደጋግመው ተናግረዋል። ስድስተኛው መልስ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ነበር፤ ታሪኩ እንዳለ ይሁንና ለእኔ ሠርቶልኛል አሉ። ሰባተኛው ሰው ሳቅ ብቻ ልከው ሄዱ።

መልስ 8 እስከ 11

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ስምንተኛው ሰው አስተዋጽኦ የሚለው ቃል ለምን ለዚህ ነገር እንደዋለ ጠየቁ፤ አገር ሁሉ አስተዋጽኦ የሚለው ለድርሻ፣ ለእገዛ ነውና ቢጋር የሚለው ይሻላል ባይ ናቸው። ዘጠነኛው ደግሞ ቃሉ ወፅአ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ በፀሐዩ «ፀ» እንጂ በጸሎቱ «ጸ» መጻፍ እንደሌለበት በሦስት ረዥም አንቀጽ ዘረዘሩ። አሥረኛዋ ሴት ተቆጡ፤ ሴትዮዋ የሚጻፍ መጽሐፍ ይዛ ቁጭ ብላለች፣ እናንተ በርዕሷ ላይ ፊደል ትለቅማላችሁ የሚል ቁጣ ነበር። 11ኛው መልስ የስምንተኛው ሰው ይቅርታ ነው። እኔ ርዕሱን እንደ ነበረ ትቼዋለሁ፤ ዘጠነኛው ሰው ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን አልክድም።

መልስ 12

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለረዥም ጊዜ ሪፖርት ያዘጋጁ የነበሩ ሰው የነገሩን ገጠመኝ ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። አስተዋጽኦን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መደርደር በወረቀት ላይ ያምራል፤ በስልክ ግን ጉድ ያፈላል ይላሉ። አንድ ጊዜ አለቃቸው ከመስክ ሆነው ደውለው ከሪፖርቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም «ሀ»ን፣ እንዲያወጡት ያዝዛሉ። የመስመሩ ጥራት ደካማ ነበር፤ በአነጋገር «ሀ» እና «ሐ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ እሳቸውም ሦስተኛውን ክፍል፣ «ሐ»ን፣ አውጥተው ሪፖርቱን ለበላይ አካል ላኩት። ያወጡት ክፍል የበጀት ማብራሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ሲያወሩ ሃሌታው፣ ሐመሩ ብለው ሳይለዩ አንድም ክፍል አይሰርዙም፤ ለራሳቸው ሲያቅዱም በቁጥር ብቻ ነው። ከእድራችን ሰብሳቢ ጋር የምገናኘው በአብዛኛው በስልክ ስለሆነ ይህን ምክር በዚያው ቀን ተቀበልሁ።

መልስ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛው ተሳታፊ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ወረቀት ሳይዝ፣ ካርታም ሳይሥል፣ ከሰው ተለይቶ ገደል አፋፍ ወይም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ አብስሎ ሲጨርስ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያቃናለታል ወይም ያፈርስበታል። በዋሸራም በዋድላም የተመረቁት ሊቃውንት በዚህ መንገድ ከወጡ፣ የዘመኑ ጸሐፊ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ባለ አራት ቀለም ወረቀት መፈለጉ አሳፋሪ ነው አሉ። አነጋገሩ ቢቆረቁረኝም ሥዕሉ ከዐይኔ አልጠፋም።

14ኛው መልስ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለ የተጻፈ ነው። መላሹ የቅኔ ተማሪ ያለ ዕቅድ ይቀኛል የሚለውን አልተቀበሉም። ተማሪው ገደል አፋፍ ሲቀመጥ ቅርጹ ከእሱ በፊት ተወስኖ ይጠብቀዋል፤ ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት ቤት እንዳለው ያውቃል፤ ቤቱ በምን እንደሚመታ፣ ሰሙና ወርቁ እንዴት እንደሚጋጠሙ ያውቃል። ስለዚህ ያ ተማሪ አስተዋጽኦውን የተረከበው ከመምህሩ ነው እንጂ አስተዋጽኦ የለውም ማለት አይደለም። የእድር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን የተረከበው ቅርጽ የለም፤ ቅርጹን ራሱ መሥራት አለበት። ቀጥለውም ያልጠበቅሁትን ነገር አመጡ። ከእኛው ትውፊት የሐሳብ ካርታን የሚመስል ከተፈለገ ቅኔውን ትቶ አንድምታውን ማየት ነው፤ ተርጓሚው አንዱን ኃይለ ቃል መሀል አድርጎ፣ አንድም እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ያወጣለታል፣ አንዱንም አይጥልም። የአንድምታ ክብሩ ይህ ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ግን አንድም ብሎ ብቻ መኖር አይችልም፤ የሚቀጥለውን ገጽ ለመጀመር ከአንድሞቹ ውስጥ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ይሆንበታል። እኔ አራት ወር የቆየሁት አንድም ስል መሆኑን በዚህ መልስ ተረዳሁ።

መልስ 15 እና 16

በእስራኤል የሚኖሩ እኅት አጭር ጥያቄ ጠየቁኝ። ልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ነበርና ሌሊት በጥሩምባ ድምፅ መንቃትን ያስታውሳሉ፤ እናታቸው ከአልጋ ሳይነሡ የሟቹን ስም ለመስማት ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። እና በእኔ ካርታ ላይ ጥሩምባው ከብረት ድስት ቀጥሎ በንብረት ዝርዝር ውስጥ ለምን ገባ? ሰፈሩ ሲፈርስስ ምን ሆነ?

16ኛው መልስ የራሴ ነው። ስልኬ ላይ በአሥር ደቂቃ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የጻፍሁት ስለሆነ ጭብጡን ብቻ ልድገመው። ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ አባሎቻችን ግማሾቹ ጀሞ፣ ግማሾቹ ሰሚት፣ የቀሩትም በየዘመድ ቤት ተበተኑ። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ መዋጮው በየወሩ ይሰበሰብ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አንድ መሥራች አባል ጀሞ አረፉ። ጥሩምባ ነፊያችን ለሠላሳ ዓመት እንደለመዱት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ወደ ድሮው ሰፈር ሄዱ። ሰፈሩ በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩን ተደግፈው በአራቱም አቅጣጫ ነፉ፤ የሟቹን ስም ጠሩ፤ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ተናገሩ። ከቆርቆሮው በስተጀርባ ብቅ ያለው የግንባታው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ አባባ ማንን ፈልገው ነው ሲላቸው መልስ አጡ። በቀብሩ ላይ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት የተገኘነው ዘጠኝ ነበርን። በቀጣዩ ወር ጉባኤ ላይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባላት እያለቀሱ፣ መርዶ በስልክ እንዲነገር ተወሰነ። በካርታዬ ላይ ይህ ሁሉ ነገር «ጥሩምባ» ተብሎ በአንድ ትንሽ ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ቀለሙም ሰማያዊ ነው፤ ንብረት ሁሉ ሰማያዊ ስለሆነ።

መልስ 17

አርታኢ መሆናቸውን የገለጹት ተሳታፊ የኔን 16ኛ መልስ ከመነሻ ጥያቄዬ ጋር አስተያይተው አዩት። ካርታዬ ነገሮችን በዓይነት በዓይነታቸው እንደሚያስቀምጥ፣ ያም ለዕቃ ግምጃ ቤት እንጂ ለታሪክ እንደማይበቃ ተናገሩ። ጥሩምባ በዓይነቱ ከድስት ጋር ነው፤ በነገሩ ግን የሚጎራበተው ከሰፈሩ መፍረስ፣ ከዘጠኙ ቀባሪዎችና በጉባኤው ላይ ከታየው ልቅሶ ጋር ነው። መጽሐፍ የሚሄደው በሁለተኛው ጉርብትና ነው።

ከዚያም የመጀመሪያውን መልስ የሰጡትን መምህር አስታውሰው፣ ከአምስተኛዋ ተሳታፊ የወሰዱትን የቡዛንን የአንድ ቃል ደንብ ጎን ለጎን አስቀመጡት። መምህሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ ይላሉ፤ ቡዛን አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ ይላል፤ በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁለት ምክሮች ይጣላሉ። በአማርኛ ግን አይጣሉም፤ የእኛ ግስ ብቻውን ቆሞ ዓረፍተ ነገር ይሆናልና። «አልሰማንም» ብሎ የጻፈ ሰው ማን እንዳልሰማ፣ መቼ እንዳልሰማ፣ መስማት ይገባው እንደነበር ጭምር በአንድ ቃል ተናግሯል። «ፈረሰባቸው» የሚለው ደግሞ የፈረሰውን ነገር ሳይጠራ የተጎዱትን ሰዎች ያሳያል፤ «የሰፈሩ መፍረስ» ግን ሰፈሩን ጠርቶ ሰዎቹን ይረሳል። ስለዚህ ካርታውን አልቅደደው፤ በየክቡ ያለውን ስም በግስ ልተካው። ግስ ያልተገኘለት ክብ ቢኖር ስለ እሱ የምናገረው ገና የለኝምና ባዶውን ልተወው።

በዚያ ሌሊት ከጠረጴዛው ላይ ሳህኖቹን አንሥቼ ጀመርሁ። «ምሥረታ» ተሰርዞ «ተሰባሰቡ» ሆነ። «ደንብ» «ተማማሉ» ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ አባላት ደንቡን የተቀበሉት በመሐላ እንደነበር ሁለት ሽማግሌዎች በቃለ ምልልሱ ነግረውኝ ነበር፣ በካርታው ላይ ግን የትም አልጻፍሁትም። ከዚያ «አዋጡ»፣ «ቀበሩ»፣ «ፈረሰባቸው»፣ «አልሰሙም»፣ «ተጠራሩ»። ከላይ ወደ ታች ብቻ ስጽፋቸው እርስ በርሳቸው ተከታተሉ። አስተዋጽኦ ልሥራ ብዬ አልነበረም።

መልስ 18 እና 19

ሁለተኛው ተሳታፊ ተመልሰው መጡና ድሉ የእሳቸው መሆኑን አስታወቁ። የመጽሐፉ ዋና ነገር የተገኘው በካርታው ሳይሆን ታክሲ ውስጥ፣ ያለ ምንም ዕቅድ፣ በአሥር ደቂቃ ስጽፍ ነው፤ ይህን ካልተቀበልሁት ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል የሚል ነው ክርክራቸው። ሐቅ አለው። አርታኢው ግን በ19ኛው መልስ አልለቀቋቸውም፦ ጥሩምባ የሚለው ቃል በካርታው ላይ ባይጻፍ ኖሮ የእስራኤሏ እኅት አይጠይቁም፣ ጥያቄው ባይኖር ታክሲ ውስጥ የሚጻፍ አይኖርም ነበር። ካርታ ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ ለሚያይ ሰውም ይሠራል፤ መቶ ገጽ ረቂቅ አንብቦ የጎደለውን የሚነግር ሰው ጥቂት ነው፣ አንድ ወረቀት አይቶ የሚጠይቅ ግን ብዙ ነው። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ከአርታኢው ጋር ነኝ። ሁለተኛው ሰው ግን ዛሬም አልተስማሙም።

መልስ 20

ታሪክ ያጠኑ አንድ ተሳታፊ ግሶቹን ከተመለከቱ በኋላ ጊዜ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ከካርታው አጠገብ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ የአገሩን ዓመታት እንዳሠፍርበት፣ በተለይም ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መውጣቱንና የቀበሌ ማኅበራትም በዚያ መቋቋማቸውን አስታወሱኝ። እስከዚያ ድረስ በእድራችን ውስጥ አከራይና ተከራይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዋጡ ነበርና፣ ከአዋጁ በኋላ ባሉት ወራት መዝገቡን ቀስ ብዬ እንዳነብ መከሩኝ። አነበብሁ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቃለ ጉባኤው የእጅ ጽሑፍ ይለወጣል፤ እስከዚያ ይጽፉ የነበሩት ጸሐፊ ስማቸው ከአባላት ዝርዝር ውስጥ አለ፣ መዋጯቸውንም ይከፍላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን በስብሰባ ላይ ሲናገሩ አልተመዘገቡም። ለዚህ ክብ እስካሁን ግስ አላገኘሁለትም። ልጃቸው በሕይወት አሉ፤ ልጠይቃቸው ቀጠሮ ይዣለሁ።

መልስ 21 እና 22

21ኛው መልስ ሰጪ ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኒክላስ ሉማን ወደ 90,000 የሚጠጉ ማስታወሻዎችን በካርድ ላይ ጽፎ፣ በቁጥር እያያያዘ መጻሕፍቱን ከዚያ እንደሚያወጣ ተረኩ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ያለኝ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ስለሆነ አልፌዋለሁ። 22ኛው የበለጠ ጠቅሞኛል። በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ርዕሶችን በእጅ ከማድመቅ ይልቅ የርዕስ ስታይል ብሰጣቸው፣ በግራ በኩል በሚከፈተው የርዕሶች ዝርዝር ላይ አንዱን ርዕስ ይዤ ወደ ላይ ስጎትተው ሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አብሮት እንደሚሄድ አሳዩኝ። «አልሰሙም» የሚለውን ምዕራፍ ከስድስተኛ ቦታ አንሥቼ መጀመሪያ ላይ ሳስቀምጠው ይህ ሁለት ሰከንድ ወሰደ። በወረቀት ቢሆን መቀስና ፕላስተር ነበር።

መልስ 23 እስከ 25

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆነች እኅት የጻፈችው መልስ በሐዘን የተሞላ ነው። አማካሪዋ ገና ምንም ሳያነቡላት፣ መግቢያ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ የጥናት ዘዴ፣ ትንተናና ማጠቃለያ የሚል ባለ አምስት ምዕራፍ ማውጫ እንድታመጣ አዘዟት፤ አመጣች፤ በማውጫው ልክ ስትጽፍ ዋናው ግኝቷ የሚገባበት ቦታ አጣ፤ ረቂቁም ሦስት ጊዜ ተመለሰባት። በአራተኛው ዙር መጀመሪያ የጻፈችውን ሁሉ አተመችና በየአንቀጹ ዳር አንቀጹ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ዓረፍተ ነገር ያልወጣለትን አንቀጽ ሰረዘችው፤ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የወጣላቸውን አዋሐደቻቸው፤ የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች በተርታ ስታነባቸው አስተዋጽኦው እሱ ነበር። ከተጻፈ በኋላ የሚወጣ አስተዋጽኦ ከሁሉም የታመነ ነው ትላለች፤ ያለው ነገር ላይ እንጂ ይኖራል ተብሎ የታሰበው ላይ አይቆምምና። ይህን ዘዴ ለጥሩምባው ምዕራፍ ሞክሬዋለሁ፤ ከሃያ ሁለት አንቀጽ ስድስቱ ወደቁ፣ ሁለቱ በጣም የወደድኋቸው ነበሩ።

24ኛው መልስ የመጀመሪያው መምህር ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ትሕትናቸው ቀንሷል። አማካሪን በአደባባይ መውቀስ ነውር መሆኑን፣ የአምስት ምዕራፍ ቅርጽም ገምጋሚው የሚፈልገውን የት እንደሚያገኝ አውቆ እንዲያነብ የተሠራ እንጂ ተማሪን ለማሠቃየት አለመሆኑን ጻፉ። የመወድስን ስምንት ቤት ያመሰገነ መድረክ የጥናትን አምስት ምዕራፍ ለምን ይጠላል ብለውም 14ኛውን መልስ በጎን ወጉት። ነጥቡ ጠንካራ ነበር፤ ልጅቷን ግን በትዕቢት መክሰሳቸው አላስፈለገም። እሷም መልሳ ጻፈች፣ ሌሎችም ገቡበት፤ በመጨረሻ አስተባባሪው የተወሰኑ መልሶችን አንሥተው በ25ኛው ቦታ ላይ ማስጠንቀቂያ አኖሩ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ይህን ካነበቡ፣ ሰባቱ ግሶች የእሳቸው ምክር ፍሬ መሆናቸውን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ።

መልስ 26

የእስራኤሏ እኅት ጥሩምባው ዛሬ የት እንደሚገኝ ጠየቁ።

ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ባለፈው ቅዳሜ ፎቶግራፍ ላነሣው ሄጄ ነበር። አፉ አካባቢ ናሱ ከብዙ ከንፈር የተነሣ ነጥቷል፤ የሰፊው ጫፍ ጠርዝ በአንድ በኩል ተጣሟል፣ እንዴት እንደተጣመመ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የጥሩምባ ነፊያችን የልጅ ልጅ አብሮኝ ነበርና አውርዶ ልነፋው ሲል ገንዘብ ያዣችን ክፉኛ ደንግጠው ከእጁ ቀሙት፤ ጎረቤት ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ይወጣል አሉ። ከዚያ ግን ለአፍታ ዝም አሉና፣ እዚህ ፎቅ ላይ ትርጉሙን የሚያውቅ ጎረቤት መኖሩን እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሩኝ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ አሥራ አንድ ገጽ ተጽፏል። «አዋጡ» የሚለው ምዕራፍ አሁንም አልተነካም፤ በ1958 ዓ.ም. በወር አንድ ብር የነበረው መዋጮ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳደገ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በየትኛው ግስ ሥር እንደማስገባው ሐሳብ ያለው ሰው ቢኖር 27ኛው መልስ ክፍት ነው።